ቅርስን ሳይጎዱ ምንነቱን ማወቅ፦ የትንተና ኬሚስትሪ ለጥንታዊ ዕቃዎችና ለአዳዲስ ቁሶች

የአንድን ብራና የጽሕፈት ቀለም፣ የአንድን የነሐስ ምስል አረንጓዴ ዝገት ወይም የአንድን የፕላስቲክ ዕቃ መሰነጣጠቅ በኬሚስትሪ ለመመርመር የሚነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊይዘው የሚገባ አንድ መርሕ አለ። ምርመራው የሚጀመረው ዕቃውን ጨርሶ ከማይነካው ዘዴ ነው፤ ወደሚነካው ዘዴ መሻገር የሚፈቀደው ቀዳሚው መመለስ ያልቻለው፣ መልሱም በእርግጥ የሚያስፈልግ ጥያቄ ሲቀር ብቻ ነው። ከቅርስ ላይ የተነሣ ቅንጣት ተመልሶ አይለጠፍም። ይህ መመሪያ መሠረታዊ የኬሚስትሪ ዕውቀት ላለውና ከቅርስ ጥገና ባለሙያ ጋር ለሚሠራ ሰው የተዘጋጀ ሲሆን፣ ሥራውን ከጥያቄው ጀምሮ እስከ ዘገባው ድረስ በቅደም ተከተል ይከተላል። ሰፋ ያለ ቦታ የሰጠሁት ስሕተት ለሚበዛባቸው ደረጃዎች ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ

«ይህ ሥዕል ከምን ተሠራ?» የሚለው ጥያቄ እጅግ ሰፊ ስለሆነ የትኛው መሣሪያ እንደሚመልሰውም ሆነ መቼ እንደተመለሰ ማወቅ ያስቸግራል። «በሰማዩ ላይ የተቀባው ሰማያዊ ከ1700 በፊት ሊገኝ ይችል ነበር?» የሚለው ግን ቁርጥ ያለ መልስ ሊያገኝ ይችላል። የፕሩሲያ ሰማያዊ የሚባለው ቀለም በበርሊን የተገኘው በ18ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው፤ ሰው ሠራሹ አልትራማሪን በ1820ዎቹ መጨረሻ በፈረንሳይ ተሠራ፤ ፍታሎሳያኒን ሰማያዊ ደግሞ ለገበያ የቀረበው በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው። ከእነዚህ አንዱ በተለካው ነጥብ ላይ መገኘቱ ያ ነጥብ የተቀባው ከተጠቀሰው ጊዜ በኋላ መሆኑን ያሳያል። ነጥቡ ግን በኋላ ዘመን የተደረገ እድሳት ሊሆን ስለሚችል ስለ መላው ሥዕል በዚህ ብቻ መፍረድ አይገባም። አለመገኘታቸውም የሥዕሉን ጥንታዊነት አያረጋግጥም፤ የዛሬ ሠዓሊም በጥንታዊ ቀለም መቀባት ይችላልና።

ከጥያቄው ጎን መልሱ የሚለውጠውን ውሳኔ ይጻፉ። መልሱ «አዎ» ቢሆንም «አይደለም» ቢሆንም የማጽዳቱ፣ የማስቀመጫው ወይም የጥገናው ዕቅድ የማይለወጥ ከሆነና ለታሪኩም የሚጨምረው ነገር ከሌለ፣ ናሙና የሚያስፈልገውን ምርመራ መተው ይሻላል።

የዕቃውን መዝገብ ማንበብ

ቀደም ሲል የተደረጉ ጥገናዎች፣ የተቀቡ ማጠናከሪያዎችና ቫርኒሾች፣ የተረጩ ፀረ ተባይ መድኃኒቶች ሁሉ በውጤቱ ላይ ስለሚታዩ አስቀድመው መታወቅ አለባቸው። ይህ ለጤናም ያስፈልጋል፤ በቤተ መዘክሮች ውስጥ ያሉ ብዙ የቆዳ፣ የላባና የእንጨት ዕቃዎች በአርሰኒክና በሜርኩሪ ውህዶች ታክመው ኖረዋልና፣ እንዲህ ዓይነት ዕቃ ያለ ጓንት ሊነካ አይገባም። አንድ ሌላ ነገርም እዚህ ላይ ይወሰናል። የሸክላ ዕቃ ዕድሜ በቴርሞሉሚነሰንስ፣ ማለትም ሸክላው ሲሞቅ በሚለቀው ብርሃን የሚለካ ከሆነ ለዚያ የሚያገለግለው ናሙና ኤክስሬይ ሳይነካው መወሰድ አለበት፤ ጨረሩ በሸክላው ውስጥ ለዘመናት የተጠራቀመውን ምልክት ያዛባልና።

በልዩ ልዩ ብርሃን ማየት

ዕቃውን በተራ ብርሃን፣ ከጎን በተጋደመ ብርሃን፣ በአልትራቫዮሌትና በኢንፍራሬድ ፎቶግራፍ ያንሡ፤ በእያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ የመጠን መለኪያና የቀለም ማነጻጸሪያ ካርድ ይኑር። በ365 ናኖሜትር አልትራቫዮሌት ሥር ያረጀ የተፈጥሮ ሙጫ ቫርኒሽ ወደ አረንጓዴ በሚያደላ ቢጫ ያበራል፤ ከቫርኒሹ በላይ የተደረገ እድሳት ብዙውን ጊዜ ጠቁሮ ይታያል። በኢንፍራሬድ ደግሞ የጽሕፈት ቀለሞች ይለያያሉ፤ ከከሰል ወይም ከጥላሸት የተሠራው ጥቁር እንደጠቆረ ሲቆይ፣ ከብረት ሰልፌትና ከታኒን የተሠራው የሞገዱ ርዝመት ወደ 1000 ናኖሜትር ሲደርስ እየደበዘዘ ይሄዳል። ይህን ያህል መረጃ ዕቃውን አንድም ጊዜ ሳይነኩ ይገኛል። ቀጥሎ የሚለኩት ነጥቦች ሁሉ በእነዚህ ፎቶዎች ላይ ቁጥር ተሰጥቷቸው ምልክት ይደረግባቸው፤ ቦታው ምልክት ያልተደረገበት ልኬት ከወር በኋላ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ሰው አይኖርም።

በኤክስሬይ ፍሎረሰንስ መለካት

መሣሪያው ኤክስሬይ ሲለቅ፣ በዕቃው ውስጥ ያሉ አተሞች ለየንጥረ ነገሩ መለያ የሆነ ጉልበት ያለው ኤክስሬይ መልሰው ይለቃሉ፤ ያ ጉልበት በኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ተለክቶ ንጥረ ነገሩ ይታወቃል። በእጅ የሚያዘው ዓይነት በደቂቃ ውስጥ ውጤት ስለሚሰጥ በጣም ተወዳጅ ሆኗል፤ የተሳሳቱ ድምዳሜዎች በብዛት የሚፈልቁትም ከዚሁ ነው።

ሥራውን የሚጀምሩት መሣሪያውን ይዘቱ በሚታወቅ ማመሳከሪያ በመፈተሽ ነው። ቀጥሎ ቀለም ያልነካውን ብራና፣ ወረቀት ወይም የተጋለጠ መሠረት (ከቀለሙ ሥር የተቀባውን የዝግጅት ሽፋን) ይለኩ፤ በቀለሙ ላይ የሚታየው ካልሲየም ከቀለሙ ይሁን ከብራናው ዝግጅት መለየት የሚቻለው ይህ ልኬት ካለ ብቻ ነው። ከዚያም ለእያንዳንዱ ቀለም ወይም ብረታ ብረት ቢያንስ ሦስት ነጥቦችን በአንድ ዓይነት ቮልቴጅ፣ ርቀትና ጊዜ ይለኩ፤ ለምሳሌ 40 ኪሎ ቮልትና 60 ሰከንድ ለመነሻ ተስማሚ ናቸው። ውጤቱን ሲያነቡ መሣሪያው በራሱ ያወጣውን የመቶኛ ሰንጠረዥ ወደ ጎን ትተው ስፔክትረሙን፣ ማለትም በየጉልበቱ የተለካውን ጨረር የሚያሳየውን ግራፍ ራሱን ይመልከቱ። ለቅይጥ ብረታ ብረት የተዘጋጀ ስሌት በሥዕል ላይ ሲሠራበት የሚወጡት ቁጥሮች ትርጉም የላቸውም፤ ቁጥሮቹ በትክክለኛ አሃዝ ተጽፈው ስለሚወጡ ግን አንባቢን በቀላሉ ያሳምናሉ። አደጋቸውም ይህ ነው።

በስፔክትረሙ ላይ ተደራርበው የሚወጡ መስመሮችን ማወቅ የግድ ነው። የእርሳስ (Pb) ዋና መስመር በ10.55፣ የአርሰኒክ ዋና መስመር በ10.54 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ስለሚወጡ መሣሪያው አይለያቸውም፤ ስለዚህ እርሳስን በ12.61፣ አርሰኒክን በ11.73 ላይ ባሉት ሌሎች መስመሮቻቸው ማረጋገጥ ያስፈልጋል። እርሳሱ በብዛት ካለ ጥቂት አርሰኒክ በሥሩ ተደብቆ ሊቀር እንደሚችልም መታወስ አለበት። የታይታኒየም 4.51 ከባሪየም 4.47 ጋር ይደራረባል፤ ይህ በተለይ ያሳስበኛል፤ የታይታኒየም ነጭ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ ሩብ ወዲህ የመጣ ቀለም ሲሆን ባሪየም ሰልፌት ግን ከዚያ ቀደም ብሎም ይሠራበት ስለነበር፣ ሁለቱን ማምታታት የዘመን ስሕተት ያስከትላል። የድኝ 2.31 እና የእርሳስ 2.34 መስመሮችም እንዲሁ አይለያዩም፤ አንድ ቀይ የሜርኩሪ ሰልፋይድ ነው ለማለት መታየት ያለበት በ9.99 ላይ ያለው የሜርኩሪ መስመር ነው። በ2.96 የሚታየው ትንሽ ጫፍ በአየር ውስጥ ያለው አርጎን ነው። የመሣሪያው ቱቦ የተሠራበት ሮድየም ወይም ብርም የራሱን መስመሮች ይጨምራል፤ ቱቦው የብር ከሆነ በዕቃው ውስጥ ያለ ጥቂት ብርን በዚያ መሣሪያ ማረጋገጥ አስቸጋሪ ነው።

ከመስመሮቹ መደራረብ ሌላ ሦስት ወሰኖች አሉ። የመጀመሪያው፣ ዘዴው ንጥረ ነገርን እንጂ ውህድን አያሳይም፤ በአንድ አረንጓዴ ላይ መዳብ ተገኘ ማለት ማላካይት የተባለው የመዳብ ካርቦኔት ማዕድን ነው ማለት አይደለም፤ የመዳብ አሲቴት፣ የመዳብ ክሎራይድ ወይም መዳብ የተቀላቀለበት ሙጫም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው፣ ካርቦን፣ ናይትሮጅንና ኦክስጅን አይታዩም፤ ጥላሸት፣ ሙጫ፣ ዘይትና የዕፅዋት ቀለም ሁሉ ከዚህ ዘዴ ውጭ ናቸው። ሦስተኛው ጥልቀቱ ነው። በሥዕል ላይ ጨረሩ ብዙ ሽፋኖችን አልፎ ስለሚሄድ ከታች ባለው መሠረት ውስጥ ያለ እርሳስ ከላይ ያለው ቀለም መስሎ ይታያል። በብረታ ብረት ላይ ደግሞ ምልክቱ የሚመጣው ከወለሉ ጥቂት አሥር ማይክሮሜትሮች ብቻ ነው፤ ያረጀ የብርና የመዳብ ቅይጥ ወለል መዳቡ ስለሚታጠብለት በብር ይበለጽጋል፤ በዝገት ላይ የተለካ መቶኛም የቅይጡን እውነተኛ ይዘት አይናገርም።

ስለ ደኅንነት፦ ዕቃውን በእጅ ደግፎ መለካት ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ብራናና ወረቀት ጨረሩን አያግዱም፤ ከጀርባቸው ሰው ሊኖር አይገባም። የጨረር መሣሪያ ፈቃድና የግል የጨረር መጠን መለኪያ አስቀድሞ መሟላት አለበት።

ውህዱን በራማንና በኢንፍራሬድ ማወቅ

የራማን ዘዴ ከሌዘር ብርሃን ሥር ሞለኪውሉ የሚያሳየውን መለያ ርግብግብታ ይመዘግባል፤ ምልክቱ በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ ባለው የሞገድ ብዛት ይገለጻል። አናታዝ የሚባለው የታይታኒየም ነጭ ዓይነት በ144 ላይ ብርቱ ጫፍ አለው፤ የሜርኩሪ ሰልፋይድ በ253 እና በ343፣ ጥላሸት በ1350 እና በ1590 አካባቢ ባሉ ሰፋፊ ጫፎች፣ የፕሩሲያ ሰማያዊ በ2150 አካባቢ ይለያሉ። ሌዘሩ ሊያቃጥል ስለሚችል ከአንድ ሚሊ ዋት በታች በሆነ ኃይል ይጀምሩ፤ ከእያንዳንዱ ልኬት በፊትና በኋላ ነጥቡን በማይክሮስኮፕ ያነጻጽሩ። በተለይ የእርሳስ ቀለሞች በሙቀት ወደ ሌላ ኦክሳይድ ስለሚለወጡ፣ የተለካው ነገር በልኬቱ የተፈጠረ ሊሆን ይችላል። ማያያዣው (ቀለሙን የያዘው ዘይት ወይም ሙጫ) ወይም ቫርኒሹ በራሱ እያበራ ምልክቱን ከሸፈነው ከ532 ናኖሜትር ሌዘር ወደ 785 መሻገር ብዙውን ጊዜ ይረዳል።

የኢንፍራሬድ ስፔክትሮስኮፒ፣ ማለትም ሞለኪውሎች የሚውጡትን የኢንፍራሬድ ብርሃን የሚለካው ዘዴ፣ በበኩሉ ለኦርጋኒክ ቁሶች ይሻላል። በ1650 እና በ1550 አካባቢ የሚታዩ ሁለት ጫፎች ፕሮቲንን፣ በ1740 አካባቢ ያለው ጫፍ ዘይትንና ሌሎች ኤስተሮችን ያመለክታሉ፤ ፕሮቲኑ እንቁላል ይሁን የቆዳ ሙጫ ግን በዚህ ዘዴ በእርግጠኝነት አይለይም። ክሪስታሉ ዕቃውን ተጭኖ የሚለካው ዓይነት በለስላሳ ወለል ላይ ምልክት ሊተው ስለሚችል ዕቃው ላይ እንዳለ ከመጫን ይልቅ ለናሙና ይቆይ።

ናሙና የመውሰድ ውሳኔ

እስከዚህ ድረስ ጥያቄው ከተመለሰ ሥራው እዚህ ላይ ይበቃል። ካልተመለሰ ናሙና ከመወሰዱ በፊት አራት ነገሮች በጽሑፍ መመለስ አለባቸው፤ ያልተመለሰው ጥያቄ ምንድን ነው፣ የትኛው ዘዴ ይመልሰዋል፣ ያ ዘዴ ምን ያህል ቁስ ይፈልጋል፣ ፈቃዱን የሰጠው ማን ነው። «ለማንኛውም ይወሰድ» የሚለው አስተሳሰብ ተቀባይነት የለውም። ለዚሁ ሥራ በ2012 የወጣው ኢኤን 16085 የተባለው የአውሮፓ ደረጃ ናሙና ስለመውሰድና ስለመመዝገብ አጠቃላይ ደንብ ስለሚሰጥ፣ ያንን መሠረት አድርጎ የራስን ቅጽ ማዘጋጀት ይቻላል።

ናሙናው ቀድሞ ከተላጠ ወይም ከተሰነጠቀ ቦታ ጠርዝ ይወሰዳል፤ ከፊት ገጽታ፣ ከፊርማ ወይም ከጽሑፍ መሐል አይነሣም። የሚወስደው ሰው በስቴሪዮ ማይክሮስኮፕ ሥር፣ በአዲስ የቀዶ ሕክምና ምላጭ፣ ዱቄት በሌለው የናይትራይል ጓንት የሚሠራ የጥገና ባለሙያ ቢሆን ይመረጣል። ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ ፍልጥ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። ማስቀመጫው ንጹሕ ብርጭቆ ይሁን፤ ፕላስቲክ ከረጢት ቅንጣቱን በኤሌክትሪክ ስበት ይይዘዋል፤ በውስጡ ያለው ማለስለሻም ወደ ናሙናው አልፎ ቅልቅልን በጋዝ መልክ ክፍል በክፍል በሚለየው በጋዝ ክሮማቶግራፊ ውጤት ላይ ይታያል። ያው ምላጭና ያው ብርጭቆ ምንም ሳይነኩ እንደ ባዶ ናሙና አብረው ይመርመሩ።

በአንዱ ቅንጣት ላይ የሚደረጉ ምርመራዎችም ቅደም ተከተል አላቸው። ራማንና ኢንፍራሬድ ቅንጣቱን ስለማያጠፉት ይቀድማሉ። ቀጥሎ ቅንጣቱ በኢፖክሲ ሙጫ ውስጥ ተቀብሮ ይሞረዳል፤ ሽፋኖቹም ከጎን ይታያሉ። ይህን ደረጃ ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው ሌላ ዘዴ የማይሰጠውን ነገር፣ ማለትም ነገሮቹ የተከናወኑበትን ቅደም ተከተል ስለሚያሳይ ነው። በሁለት የቀለም ሽፋኖች መካከል ቆሻሻ ወይም በአልትራቫዮሌት የሚያበራ ቫርኒሽ ካለ፣ የላይኛው የተቀባው የታችኛው ደርቆና አርጅቶ ካለፈ በኋላ ነው፤ በታችኛው ሽፋን ስንጥቅ ውስጥ የላይኛው ቀለም ገብቶ ከተገኘም ድምዳሜው ያው ነው። ከዚያ በስካኒንግ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የእያንዳንዱ ሽፋን ንጥረ ነገር ለየብቻው ይለካል፤ በኤክስሬይ ፍሎረሰንስ ላይ የቀረው የሽፋኖች መደባለቅ የሚፈታው እዚህ ነው።

ለኦርጋኒክ ቁሶች በሙጫ ያልተቀበረ ቅንጣት ይሟሟል፤ ለዘይት፣ ለሰምና ለሙጫ ጋዝ ክሮማቶግራፊ ሞለኪውሎችን በክብደታቸው ከሚለየው ከማስ ስፔክትሮሜትሪ ጋር፣ ለጨርቅ ማቅለሚያዎች የፈሳሽ ክሮማቶግራፊ ይመረጣሉ። ብራናን በተመለከተ ግን ቁራጭ መቁረጥ የማያስፈልገው ዘዴ አለ፤ ወለሉን በላጲስ ቀስ ብሎ በማሸት ከፍርፋሪው ጋር የሚነሣው ኮላጅን የተባለ የቆዳ ፕሮቲን ትሪፕሲን በተባለው ኢንዛይም ተከፋፍሎ በማስ ስፔክትሮሜትር ሲለካ፣ ቆዳው የበግ፣ የፍየል ወይም የጥጃ መሆኑ ይታወቃል። ላጲሱ ጽሑፍና ሥዕል በሌለበት ኅዳግ ላይ ብቻ መዋል አለበት።

አዳዲስ ቁሶች

በቤተ መዘክር ውስጥ ኬሚስቱ የሚያገኛቸው አዳዲስ ቁሶች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ራሳቸው ቅርስ የሆኑ ፕላስቲኮችና ቅርሱን ለመጠገን ወይም ለማስቀመጥ የሚገቡ ቁሶች። ከፕላስቲኮቹ ውስጥ አስቀድመው መለየት ያለባቸው ሴሉሎስ ናይትሬትና ሴሉሎስ አሲቴት ናቸው። የመጀመሪያው ሲበሰብስ የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን፣ ሁለተኛው አሴቲክ አሲድን ይለቃል፤ ሁለቱም ጎረቤት ዕቃን ይጎዳሉ፤ ናይትሬቱም በቀላሉ ይቀጣጠላል። በኢንፍራሬድ ናይትሬቱ በ1650፣ በ1280 እና በ840 አካባቢ፣ አሲቴቱ በ1740 እና በ1230 አካባቢ ይለያሉ። ለፊልም ክምችት ብሮሞክሬሶል ግሪን የተነከረ ወረቀት በሣጥኑ ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል፤ አሲዱ እየጨመረ ሲሄድ ወረቀቱ ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ፣ ከዚያም ወደ ቢጫ ይለወጣል።

ለማሳያ ሣጥን የሚውል ጨርቅ፣ ሰሌዳ፣ ማጣበቂያ ወይም ቀለም ሁሉ ከቅርስ ጋር ከመዘጋቱ በፊት መፈተን አለበት። በብሪቲሽ ሙዚየም በ1970ዎቹ መጀመሪያ የወጣውና በኦዲ ስም የሚጠራው ፈተና እስከ ዛሬ የሚሠራበት ነው። ከሚፈተነው ቁስ 2 ግራም ያህል በንጹሕ የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ይገባል። በብርጭቆ ወረቀት ተወልውለው በአሴቶን የታጠቡ የብር፣ የመዳብና የእርሳስ ስስ ቁራጮች እርስ በርሳቸውና ቁሱን ሳይነኩ ይንጠለጠላሉ፤ ጥቂት የተጣራ ውኃም በትንሽ ቱቦ ይጨመራል። ዕቃው በጥብቅ ተዘግቶ በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ28 ቀናት ይቆያል። ቁስ የሌለበት ሌላ ዕቃ ጎን ለጎን ይኑር፤ በእርሱ ውስጥ ያሉት ብረታ ብረቶች ከተበላሹ ፈተናው ይደገማል። ብር መጥቆሩ የድኝ ጋዞችን፣ እርሳስ ነጭ ዱቄት ማውጣቱ አሴቲክና ፎርሚክ አሲድን፣ የመዳብ መለወጥ ክሎራይድንና ሌሎች ጎጂዎችን ይጠቁማል። ፈተናው የትኛው ጋዝ እንደወጣ በስም አይናገርም፤ በዓይን የሚፈረድ ስለሆነም ሁለት ሰዎች ተለያይተው ቢፈርዱ ጥሩ ነው።

ነሐስ በሚቀመጥበት ቦታ ከቁሱ ሌላ እርጥበቱም ይለካ። በዝገቱ ሥር የተቀበረ የመዳብ ክሎራይድ እርጥበት ሲያገኝ ነጣ ያለ አረንጓዴ ዱቄት እያወጣ ዕቃውን ይበላዋል፤ በኤክስሬይ ፍሎረሰንስ በ2.62 ላይ ክሎሪን የታየበት ነሐስ አንጻራዊ እርጥበቱ ከ40 በመቶ በታች በሆነ ቦታ ቢቀመጥ ይመከራል። ለጥገና የሚገቡ ማጣበቂያዎችም ከመጠቀም በፊት በሙቀት፣ በብርሃንና በእርጥበት ይርጁ፤ ካረጁ በኋላ መሟሟታቸው ይፈተን። ፓራሎይድ ቢ-72 የተባለው አክሪሊክ ሙጫ በሰፊው የሚመረጠው ካረጀም በኋላ በአሴቶን ስለሚለቅ ነው።

ውጤቱን መተርጎምና መጻፍ

በየል ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የቪንላንድ ካርታ፣ ቫይኪንጎች የደረሱበትን የሰሜን አሜሪካ ጠረፍ ያሳያል የተባለው የዓለም ካርታ፣ ለዚህ ደረጃ ከሚጠቀሱት ሁሉ የላቀ ምሳሌ ይመስለኛል። በ1965 ለሕዝብ ሲቀርብ የ15ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ተብሎ ነበር፤ በሬዲዮካርቦን የተለካው ብራናም ከዚያው ዘመን መሆኑ ታወቀ። ይሁንና በ1970ዎቹ ከቀለሙ በተወሰዱ ቅንጣቶች ላይ አናታዝ ተገኘ፤ በኋላ የተደረገ ሌላ ልኬት ደግሞ የታይታኒየሙ መጠን እጅግ ጥቂት ነው በማለቱ ክርክሩ ለዐሥርት ዓመታት ቀጠለ። በ2021 ዩኒቨርሲቲው የካርታውን መስመሮች በሙሉ በኤክስሬይ ፍሎረሰንስ ቃኝቶ ታይታኒየም በጽሕፈቱ ሁሉ ላይ መኖሩን በማሳየት ካርታው ሐሰተኛ መሆኑን አስታወቀ። የብራናው ዕድሜ የጽሕፈቱ ዕድሜ አይደለም፤ የጥቂት ነጥቦች ልኬትም ስለ መላው ገጽ ለመናገር አይበቃም። ስለዚህ ማንኛውም ዋና ድምዳሜ በተለያየ መርሕ በሚሠሩ ቢያንስ ሁለት ዘዴዎች መደገፍ አለበት።

በዘገባው ውስጥ የቃላት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ሜርኩሪ ተገኘ» ልኬት ነው፤ «ከሜርኩሪ ሰልፋይድ ጋር ይስማማል» ትርጓሜ ነው፤ «የሜርኩሪ ሰልፋይድ ነው» ለማለት የራማን ወይም ሌላ የውህድ ማስረጃ ሊኖር ይገባል። «አልተገኘም» በሚባልበት ቦታ ሁሉ መሣሪያው በዚያ ሁኔታ ሊያይ የሚችለው ዝቅተኛ መጠን ይጻፍ። የመሣሪያው ስም፣ ቮልቴጁ፣ የሌዘሩ ኃይል፣ የልኬቱ ጊዜና የነጥቦቹ ካርታ ከዘገባው ጋር ይያያዙ፤ ጥሬ መረጃው በመሣሪያው የራሱ ፋይልና ማንኛውም ፕሮግራም ሊከፍተው በሚችል ተራ የጽሑፍ ፋይል በሁለት ቦታ ይቀመጥ። የተረፈው ናሙናና በሙጫ የተቀበረው ቅንጣት የዕቃው መለያ ቁጥር፣ የተወሰደበት ነጥብና ቀን ተጽፎባቸው ለቅርሱ ባለቤት ተቋም ይመለሳሉ፤ ቀጣዩ ተመራማሪ አዲስ ናሙና ከመጠየቁ በፊት እነርሱን ሊጠይቅ ይችላል።